ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኤሌክትሪክ መቀየር፦ ሃይድሮጅን ብቻ እየወጣ ላስቸገራችሁ

ሴሉን (ሙከራው የሚካሄድበትን ዕቃ) ገጠማችሁ፣ ጋዙን ለቀቃችሁ፣ ቮልቴጁን ሰጥታችሁ አንድ ሰዓት ጠበቃችሁ። ካርቦን ያለበት ምርት ጠብቃችሁ ውጤቱን ስታዩት ሃይድሮጅን ነው። ደገማችሁት፣ አሁንም ሃይድሮጅን። ከዚያ ካታሊስቱን (ምላሹን የሚያፋጥነውን ሜታል) ትረግማላችሁ፣ አዲስ ትሠራላችሁ፣ እሱም ያው ይሆናል።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የካታሊስቱ አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃ ውስጥ በደንብ አይሟሟም። በ25 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር ግፊት በሊትር 33 ሚሊሞል ገደማ ነው የሚገባው። ውሃው ራሱ ግን በሊትር 55 ሞል ነው፣ ኤሌክትሮኑን ለመንጠቅም ሁሌ ዝግጁ ነው። ዝግጅታችሁ ላይ ትንሽ ከተዘናጋችሁ ውሃው ቀድሞ ይወስደዋል፣ ሃይድሮጅን ይወጣል።

ስለዚህ ይህ መመሪያ አዲስ ካታሊስት አያስተምራችሁም። የሚያስተምራችሁ የታወቀ ሜታል ይዛችሁ የታወቀውን ውጤት ማግኘት ነው። መጀመሪያ በብር፣ ከዚያ በመዳብ። በብር ሳይሳካላችሁ ወደ መዳብ አትሂዱ፣ ወደራሳችሁ አዲስ ካታሊስትማ ጭራሽ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ደህንነት

ይህ ክፍል አይዘለልም።

የምታመርቱት ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም፣ ይገድላል። ከሴሉ የሚወጣው ቱቦ ሁሉ መጨረሻው ፊውም ሁድ (ጋዙን ወደ ውጭ የሚስብ የላብራቶሪ ሳጥን) ውስጥ ይሁን። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ መሣሪያ አጠገባችሁ አስቀምጡ፣ ባትሪውንም ፈትሹ። ሃይድሮጅንም ስለሚወጣ እሳትና ብልጭታ የሚፈጥር ነገር አካባቢው አይኑር። የጋዝ ሲሊንደሩን በሰንሰለት እሰሩት። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር በጠባብና በተዘጋ ክፍል ውስጥ ቢያፈስ ራሱ ያፍናል።

ኤሌክትሮላይቱ (ሴሉ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ፈሳሽ) ውስጥ የገበታ ጨው ወይም ሌላ ክሎራይድ አትጨምሩ። አኖዱ (ፖዘቲቩ ኤሌክትሮድ) ላይ ክሎሪን ጋዝ ሊወጣ ይችላል። «ጨው ውሃም እኮ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል» የሚል ምክር ከሰማችሁ እለፉት። ይህን ሙከራ ቤት ውስጥም አትሞክሩት።

ደረጃ 1፦ ሜታሉን ምረጡ

ምን እንደሚወጣ የሚወስነው በዋናነት ሜታሉ ነው።

ብርና ወርቅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይሰጣሉ። ቆርቆሮ፣ ቢስሙዝ፣ ኢንዲየምና እርሳስ ፎርሜት (የፎርሚክ አሲድ ጨው) ይሰጣሉ። መዳብ ሜቴን፣ ኤቲሊን፣ ኤታኖልና ሌላም ብዙ ነገር ይሰጣል። ፕላቲነም፣ ኒኬልና ብረት በዚህ ዓይነት ውሃማ ኤሌክትሮላይት ውስጥ በብዛት የሚሰጡት ሃይድሮጅን ነው። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሦስት ልብ በሉ፣ ቆይተው ጠላቶቻችሁ ሆነው ይመለሳሉ።

በብር ጀምሩ የምለው ለምንድን ነው? ከብር የሚወጡት ነገሮች በአብዛኛው ሁለት ጋዞች ናቸው፦ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን። ሁለቱን ደምራችሁ ወደ 100 ፐርሰንት ከተጠጋ ሴላችሁ፣ መለኪያችሁና ስሌታችሁ ደህና ናቸው ማለት ነው። ካልተጠጋ ደግሞ የምትፈልጉት ስህተት ጥቂት ቦታ ውስጥ ነው ያለው። ከመዳብ ላይ ግን 16 የተለያዩ ውጤቶች ተለይተው ታውቀዋል። እዚያ ውስጥ ስህተት መፈለግ ጭድ ክምር ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው።

ንጽሕናው 99.99 ፐርሰንት ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ስስ የብር ፎይል ያዙ።

ደረጃ 2፦ ሴሉን ግጠሙ

ሁለት ክፍል ያለው፣ መሃሉ በሜምብሬን (አዮን በሚያሳልፍ ስስ ሽፋን) የተከፈለ የመስታወት ሴል ያስፈልጋችኋል። አንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለቱንም ኤሌክትሮድ መንከር አይሆንም። አኖዱ ላይ የሚወጣው ኦክስጅን ወደ ካቶዱ (ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደሚቀየርበት አሉታዊ ኤሌክትሮድ) ይሄድና እዚያ ኤሌክትሮን ይወስዳል። ከኤሌክትሪክ ጅረቱ (ከረንቱ) ላይ ድርሻ ይበላል፣ እናንተ ግን የት እንደገባ አታውቁም። ፈሳሽ ውጤት ካለም አኖዱ ላይ ተመልሶ ይቃጠላል።

ሀ. መስታወቱን ሁሉ በቀጭን ናይትሪክ አሲድ ውስጥ አሳድሩ። ጠዋት በከፍተኛ ንጽሕና ውሃ (18.2 ሜጋኦም ሴንቲሜትር የሚባለው) ደጋግማችሁ እጠቡ። ጓንትና መነጽር አትርሱ።

ለ. ሜምብሬኑን አምራቹ በሚለው መንገድ አዘጋጁና ግጠሙ። አኒዮን (አሉታዊ አዮን) የሚያሳልፍ ሜምብሬን ከተጠቀማችሁ ፎርሜትና አሴቴት ወደ አኖዱ ክፍል ሾልከው እንደሚያልፉ አትርሱ። ፈሳሽ ስትለኩ ሁለቱንም ክፍል ለኩ።

ሐ. አኖድ ምረጡ። ብዙ ሰው ፕላቲነም ያደርጋል፣ ብዙ ሰውም የሚወድቀው እዚህ ነው። ፕላቲነም በጥቂቱ ይሟሟል፣ ሜምብሬኑን አልፎ ካቶዱ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ ብራችሁ እንደ ፕላቲነም መሥራት ይጀምራል። ለአንድ ሰዓት ሙከራ እኔ የግራፋይት ዘንግ እመርጣለሁ። እሱም በዝግታ ይበላል፣ ውሃውንም ያጠቁረዋል፣ ግን ካቶዱን በሃይድሮጅን ካታሊስት አይቀባውም።

መ. የብር-ብር ክሎራይድ ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ (የካቶዱ ቮልቴጅ ከእሱ አንጻር የሚለካበት) ከካቶዱ ጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ላይ አስገቡ። ካቶዱን አይንካው፣ ፊቱንም አይከልለው። ከማስገባታችሁ በፊት ለዚሁ ብቻ ከተቀመጠ ሌላ ሪፈረንስ ኤሌክትሮድ ጋር አንድ ብርጭቆ ውስጥ ከትታችሁ ልዩነታቸውን በቮልት መለኪያ እዩ። ከ5 ሚሊቮልት በላይ ከተለያዩ የምትሠሩበትን አድሱ ወይም ቀይሩ።

ደረጃ 3፦ ኤሌክትሮላይቱን አዘጋጁ

የምንሠራው በ0.1 ሞላር ፖታሲየም ባይካርቦኔት ነው። 5.01 ግራም መዝናችሁ እስከ 500 ሚሊሊትር በንጹህ ውሃ ሙሉት። ይህ ቀላሉ ክፍል ነው።

ከባዱ ማጽዳቱ ነው። ጠርሙሱ ላይ 99.9 ፐርሰንት የሚል ቢጻፍም ውስጡ ጥቂት ብረትና ዚንክ ይኖራል። ዓይን አያየውም። ካቶዱ ግን ልክ አሉታዊ ቮልቴጅ ሲሰጠው እንደ ማግኔት ሰብስቦ ላዩ ላይ ያነጥፋቸዋል። በመጀመሪያው አሥር ደቂቃ ጥሩ ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታችሁ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሃይድሮጅን ብቻ ከቀረ፣ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

ሁለት መፍትሔ አለ፣ አንዱን ምረጡ፦

1. ሜታል የሚይዝ ሬዚን (ቼሌክስ የሚባለው በብዛት ይሠራበታል) ኤሌክትሮላይቱ ውስጥ ጨምራችሁ ሌሊቱን አማስሉ፣ ከዚያ አጣሩ። ሬዚኑን በመጀመሪያ በሚገባ እጠቡት፣ አለበለዚያ የራሱን ኦርጋኒክ ቆሻሻ ይለቃል።

2. ሌላ የማትፈልጉት ካቶድ አስገብታችሁ በጣም አነስተኛ ጅረት ሌሊቱን አሳልፉበት። ቆሻሻው እሱ ላይ ይለጠፋል። ጠዋት ያንን ካቶድ ጅረቱ ሳይቋረጥ አውጡት። ጅረቱን ቀድማችሁ ካጠፋችሁ የተለጠፈው ተመልሶ ይሟሟል፣ ሌሊቱም በከንቱ ሄደ።

ደረጃ 4፦ ብሩን አዘጋጁ

በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት (መጀመሪያ ቁጥር 600፣ ከዚያ 1200) እኩል እስኪያበራ ሞርዱት። ለብር የተጠቀማችሁበትን ወረቀት ለመዳብ አትጠቀሙ፣ ለብረት የተጠቀማችሁበትንማ ወደ ክፍሉም አታስገቡት። በንጹህ ውሃ አጥባችሁ፣ አልትራሳውንድ መታጠቢያ ካለ ውስጡ 5 ደቂቃ አቆይታችሁ፣ በናይትሮጅን አድርቁ። ከዚህ በኋላ በጣት መንካት የለም።

ቀጥሎ ስፋቱን ወስኑ። ኤሌክትሮላይቱን የሚነካው ስንት ካሬ ሴንቲሜትር እንደሆነ በትክክል ማወቅ አለባችሁ፣ ስለዚህ ፎይሉን በኦሪንግ የሚይዝ ሴል ቢሆን ጥሩ ነው። የለኝም የምትሉ ጀርባውንና ጠርዙን አሲድና ቤዝ በሚችል ማጣበቂያ ሸፍኑ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት ሙሉ ከብር ላይ 60 ፐርሰንት ሃይድሮጅን እያወጣሁ ጸጉሬን ስነጭ ከረምኩ። ኤሌክትሮላይት ቀየርኩ፣ ሜምብሬን ቀየርኩ፣ ፎይሉን ራሱ ቀየርኩ። ችግሩ ክሊፑ ነበር። ፎይሉን የያዘው የኒኬል ቅብ ያለው ክሊፕ በአረፋው ርጭት ጫፉ ይረጥብ ነበር፣ ሃይድሮጅኑን የሚሠራው እሱ ነበር። ክሊፑ ከውሃው ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ሙከራው ሲያልቅም ደረቅ መሆኑን በዓይናችሁ እዩ።

ደረጃ 5፦ ጋዙን አስገቡና ፒኤች ለኩ

ንጽሕናው 99.99 ፐርሰንት የሆነ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደቂቃ 20 ሚሊሊትር አካባቢ ልቀቁ። ጋዙ ወደ ሴሉ ከመግባቱ በፊት በውሃ ጠርሙስ ውስጥ አልፎ ይርጠብ፣ ደረቅ ጋዝ ኤሌክትሮላይቱን እያተነነ ያከረዋል። በካቶዱ በኩል ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ይንፋ።

ከዚያ ፒኤች ለኩ። ጋዝ ያልገባበት 0.1 ሞላር ባይካርቦኔት 8.3 አካባቢ ነው። በደንብ ሲጠግብ 6.8 ላይ ይቆማል። 7.3 ላይ ሆኖ «ይበቃዋል» ብላችሁ አትጀምሩ፣ አልጠገበም።

ሥራ ቦታችሁ ከፍታ ላይ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩበት። የሚሟሟው ጋዝ በግፊቱ ልክ ነው፣ የአየር ግፊቱ 0.8 አትሞስፌር በሆነበት ቦታ የሚሟሟው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በ20 ፐርሰንት ያንሳል፣ ፒኤቹም በ0.1 ገደማ ከፍ ይላል። ስህተት አይደለም፣ ግን መዝግቡት፣ በስሌት ጊዜ ያስፈልጋል።

አሁን ፍሳሽ ፈልጉ። በየመገጣጠሚያው የሳሙና አረፋ ቀቡ። ከዚያ ከሴሉ በሚወጣው ቱቦ ጫፍ ላይ ፍሰቱን ለኩ። 20 ገብቶ 14 የሚወጣ ከሆነ 6ቱ የሆነ ቦታ እየሾለከ ነው፣ ምርታችሁም አብሮ።

ደረጃ 6፦ ቮልቴጁን በትክክል አስሉ

ጽሑፎች ላይ የምታዩት ቮልቴጅ በአርኤችኢ ሚዛን (በዚያው ፒኤች ያለ የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድን ዜሮ በሚያደርግ) ነው፣ የእናንተ መሣሪያ የሚያውቀው ግን የብር-ብር ክሎራይዱን ነው። መቀየሪያው ይኸው፦

የአርኤችኢ ቮልቴጅ = የተለካው ቮልቴጅ + 0.197 + (0.0591 × ፒኤች)

0.197 የሚሠራው በፖታሲየም ክሎራይድ ለጠገበ ኤሌክትሮድ ነው። ውስጡ 3 ሞላር ከሆነ 0.210 አድርጉ።

በብር ላይ -1.1 ቮልት በአርኤችኢ ፈለጋችሁ እንበል። ፒኤች 6.8 ስለሆነ 0.0591 × 6.8 = 0.402 ነው። ስለዚህ መሣሪያው ላይ የምትጽፉት -1.1 - 0.197 - 0.402 = -1.70 ቮልት ነው። በ6.8 ፈንታ 8.3 ብታስገቡ ወደ 90 ሚሊቮልት ትስታላችሁ፣ እዚህ ሥራ ላይ ያ ትልቅ ነው።

ገና አላለቀም። በሪፈረንሱና በካቶዱ መካከል ያለው ውሃ ራሱ ቮልቴጅ ይበላል። 0.1 ሞላር ባይካርቦኔት ቀጭን ኤሌክትሮላይት ነው፣ 40 ኦም ማግኘት ብርቅ አይደለም። 10 ሚሊአምፒር በ40 ኦም ሲያልፍ 0.4 ቮልት ይጠፋል። -1.1 የሰጣችሁት መስሏችሁ ካቶዱ ያየው -0.7 ብቻ ነው። «ብር አይሠራም» የሚሉት ብዙዎቹ እዚህ ላይ ናቸው።

እንዲህ አድርጉ፦ ፖቴንሺዮስታቱ (ቮልቴጁን የሚሰጠው መሣሪያ) ላይ በከፍተኛ ድግግሞሽ የኢምፒዳንስ ልኬት አድርጋችሁ ኦሙን እወቁ። መሣሪያው 85 ፐርሰንቱን በራሱ እንዲያካክስ እዘዙት፣ የቀረውን 15 ፐርሰንት ከሙከራው በኋላ በእጃችሁ ቀንሱ። መቶ በመቶ አካክስ ካላችሁት መሣሪያው መወዛወዝ ይጀምራል፣ ፎይላችሁንም ሊያበላሽ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ሙከራውን አካሂዱ

ጋዙ እየነፋ ቮልቴጁን ስጡ። ዝም ብሎ ውሃ ውስጥ የተቀመጠ ካቶድ ቆሻሻ ይሰበስባል፣ መዳብ ከሆነ ደግሞ ይዝጋል፣ ስለዚህ ካስገባችሁት በኋላ ብዙ አታስቆዩት።

የመጀመሪያውን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጋዝ አትመኑ። ከውሃው በላይ ያለው ክፍት ቦታ በአዲሱ ጋዝ እስኪተካ ጊዜ ይፈልጋል። ከዚያ በየ15 ደቂቃው ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፉ (ጋዞችን ለይቶ ወደሚለካው መሣሪያ) ናሙና ላኩ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሦስት ወይም አራት። ናሙና በምትወስዱበት ደቂቃ የነበረውን ጅረት ጻፉ፣ የሰዓቱን አማካይ አይደለም።

ጅረቱ ቀስ እያለ ቢወርድ ችግር የለም። የመጋዝ ጥርስ እየመሰለ ከዘለለ ካቶዱ ላይ አረፋ ተጣብቋል ማለት ነው፣ ማማሰያውን ትንሽ አፍጥኑት። ጭራሽ ከተቋረጠና መሣሪያው «ኦቨርሎድ» ካለ በሪፈረንሱ ጫፍ አረፋ ገብቷል። አጥፉ፣ አውጡት፣ ጫፉን መታ መታ አድርጋችሁ አረፋውን አስወጡና መልሱት።

ደረጃ 8፦ ለኩና አስሉ

ሃይድሮጅን የሚለካው በቲሲዲ (ጋዝ ሙቀት የሚያስተላልፍበትን መጠን በሚያይ መለኪያ) ነው፣ ተሸካሚ ጋዙም አርጎን ይሁን። ሂሊየም ከተጠቀማችሁ ሃይድሮጅንን በደንብ አታዩትም፣ ሁለቱ ሙቀት የሚያስተላልፉበት መጠን ተቀራራቢ ነውና። ካርቦን ሞኖክሳይድ በሜታናይዘር (ወደ ሜቴን በሚቀይረው) እና በኤፍአይዲ (በነበልባል በሚሠራ መለኪያ) ይለካል። ካሊብሬሽን በአንድ ነጥብ አይሠራም፣ ቢያንስ ሦስት መጠን ያላቸው መለኪያ ጋዞች ተጠቀሙ።

የፋራዴይ ቅልጥፍና የሚባለው ከሰጣችሁት ኤሌክትሮን ውስጥ ስንት ፐርሰንቱ ወደዚያ ምርት እንደገባ ነው። በምሳሌ እንየው፦

ፍሰት በደቂቃ 20 ሚሊሊትር፣ ጠቅላላ ጅረት 10 ሚሊአምፒር፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ 3400 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 3400 ክፍል)፣ ሃይድሮጅን 350 ፒፒኤም።

1. ፍሰቱን ወደ ሰከንድ ቀይሩ፦ 20 ÷ 60 = 0.333 ሚሊሊትር በሰከንድ።
2. በ0.0034 አባዙት፦ 0.00113 ሚሊሊትር ካርቦን ሞኖክሳይድ በሰከንድ።
3. ለ24465 አካፍሉት (በ25 ዲግሪና በ1 አትሞስፌር የአንድ ሞል ጋዝ ሚሊሊትር)፦ 4.63 × 10⁻⁸ ሞል በሰከንድ።
4. በ2 ኤሌክትሮንና በ96485 አባዙት፦ 8.94 ሚሊአምፒር።
5. ለ10 አካፍሉት፦ 89 ፐርሰንት።

ሃይድሮጅኑን በዚሁ መንገድ ብታሰሉት 9.2 ፐርሰንት ይመጣል። ድምሩ 98 ፐርሰንት ገደማ ነው። ይህን ካገኛችሁ ቡና ጠጡ።

እዚህ ስሌት ውስጥ የተደበቀ ወጥመድ አለ። የማስ ፍሎው መቆጣጠሪያው «ስታንዳርድ ሚሊሊትር» ሲላችሁ በስንት ዲግሪ ማለቱ ነው? አንዳንዱ በ0 ዲግሪ፣ አንዳንዱ በ20 ወይም በ25 ዲግሪ ነው። በ0 ዲግሪ የሚያስብ ከሆነ ማካፈል ያለባችሁ ለ22414 ነው። የ9 ፐርሰንት ልዩነት ነው፣ ከየትም ያልመጣ 107 ፐርሰንት ያየ ሰው መጀመሪያ የመሣሪያውን መመሪያ መጽሐፍ ይክፈት። በአረፋ መለኪያ የምትለኩ ደግሞ የክፍሉን ሙቀትና ግፊት አስገቡ።

ፈሳሹን ለማየት በኤንኤምአር (ሞለኪውሎችን በማግኔት በሚለይ መሣሪያ) ዳይሜቲል ሰልፎክሳይድ እንደ ማነጻጸሪያ ጨምራችሁ፣ የውሃውን ፒክ አፍናችሁ ለኩ። ፎርሜት 8.4 ፒፒኤም አካባቢ (እዚህ የፒኩ ቦታ ነው እንጂ መጠን አይደለም) ብቻዋን ትቆማለች፣ አትጠፋም። መጠኗ ትንሽ መስሎ አያታላችሁ፦ 10 ሚሊአምፒር ለአንድ ሰዓት 36 ኩሎምብ ነው፣ ከዚያ 5 ፐርሰንቱ ፎርሜት ቢሆን 20 ሚሊሊትር ውስጥ 0.47 ሚሊሞላር ይሆናል። በደንብ ይታያል።

ደረጃ 9፦ ማረጋገጫ ሙከራ

ሁሉንም ነገር ሳትቀይሩ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፈንታ አርጎን ንፉና ድገሙት። ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአብዛኛው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ካርቦኑ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው፦ ከማጣበቂያው፣ ካታሊስት ከተቀባበት አሟሚ ፈሳሽ፣ ወይም ከግራፋይቱ። በተለይ ኤታኖል ወይም አሴቶን ተጠቅማችሁ ካታሊስት የቀባችሁ ሰዎች፣ «ኤታኖል አመረትኩ» ከማለታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። አቅም ያለው በካርቦን 13 (ከባዱ የካርቦን ዓይነት) የተሠራ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተጠቅሞ ምርቱ ውስጥ ካርቦን 13 መኖሩን ያረጋግጣል። አከራካሪ ውጤት ላይ ከዚያ በታች ማስረጃ አይበቃም።

ሲበላሽ፦ ከየት ልጀምር?

ድምሩ ከ90 ፐርሰንት በታች ነው። ፍሳሽ ነው፣ ወይም ያልለካችሁት ፈሳሽ አለ፣ ወይም ኦክስጅን ገብቷል። ክሮማቶግራፉ ላይ የናይትሮጅንና የኦክስጅን ፒክ ካያችሁ አየር እየገባ ነው። የሳሙና አረፋውን ድገሙ። ሜምብሬኑ የተገጠመበት ቦታ በጣም ይጠረጠራል።

ድምሩ ከ105 በላይ ነው። ፍሰት ወይም ካሊብሬሽን። ካታሊስቱ ጀግና ስለሆነ አይደለም።

ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሃይድሮጅን ብቻ ነው። በቅደም ተከተል፦ ፒኤቹ 6.8 ነው? ኦሙ ተካክሷል? ክሊፑ ደረቅ ነው? ጠፍጣፋ ብር ላይ ከ-0.6 ቮልት ጋር የምትታገሉ ከሆነ ችግሩ ቮልቴጁ ነው። በቴርሞዳይናሚክስ ካርቦን ሞኖክሳይድ በ-0.11 ቮልት ይጀምራል ቢባልም ጠፍጣፋ ፎይል 80 ፐርሰንትና ከዚያ በላይ የሚሰጠው -1.1 አካባቢ ነው።

ጀምሮ ጥሩ ነበር፣ ከዚያ ወደቀ። ቆሻሻ ሜታል። ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ። ለማረጋገጥ ፎይሉን እንደገና ሞርዳችሁ በዚያው ኤሌክትሮላይት ሞክሩ፦ ጥሩ ጀምሮ ደግሞ ከወደቀ ጥፋቱ የኤሌክትሮላይቱ ወይም የአኖዱ ነው።

ጅረቱን ከፍ ባደረግኩ ቁጥር ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይቀንሳል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ጣሪያው ነው። በዚህ ዓይነት ሴል በካሬ ሴንቲሜትር ከጥቂት አሥር ሚሊአምፒር በላይ ስትሄዱ የተሟሟው ጋዝ ካቶዱ ጋ ለመድረስ አይፈጥንም፣ ትርፉን ጅረት ውሃው ይወስደዋል።

ደረጃ 10፦ ወደ መዳብ

ብሩ ሦስት ጊዜ ተከታታይ በ95 እና በ105 መካከል ድምር ከሰጣችሁ በኋላ ብቻ።

መዳብን መሞረድ ብቻውን አይበቃም። 85 ፐርሰንት ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ መዳቡን አኖድ፣ ሌላ መዳብ ካቶድ አድርጋችሁ 2 ቮልት አካባቢ ለጥቂት ደቂቃ ስጡት። እንደ መስታወት ሲያበራ አውጥታችሁ ወዲያው በብዙ ንጹህ ውሃ እጠቡ። አሲድ ከቀረበት የመጀመሪያው ሙከራ ይበላሻል። አድርቃችሁ ሳታቆዩት ወደ ሴሉ አስገቡ፣ አየር ላይ ባደረ መዳብ አትሥሩ።

መዳብ ለቆሻሻ ከብር የባሰ ስስ ነው። ኤሌክትሮላይቱን ማጽዳት እዚህ ግዴታ ነው።

በ0.1 ሞላር ባይካርቦኔት ውስጥ -1.0 እና -1.1 ቮልት መካከል ኤቲሊንና ሜቴን አብረው ይታያሉ። ከዚያ ይበልጥ አሉታዊ ስትሄዱ ሜቴን ይገንናል። ከ-0.8 ባነሰ አሉታዊ ቮልቴጅ ሆናችሁ ኤቲሊን ብትጠብቁ የምታዩት በአብዛኛው ሃይድሮጅን፣ ካርቦን ሞኖክሳይድና ፎርሜት ነው።

ስሌቱ ላይ የኤሌክትሮን ቁጥሩን ቀይሩ፦ ለሜቴን 8፣ ለኤቲሊንና ለኤታኖል 12። ይህ የምታዩትን መጠንም ይለውጠዋል። 10 ሚሊአምፒር ላይ ኤቲሊን 30 ፐርሰንት ቢወስድ በደቂቃ 20 ሚሊሊትር ጋዝ ውስጥ የምታገኙት 190 ፒፒኤም ገደማ ብቻ ነው። «ምንም አልወጣም» ከማለታችሁ በፊት ክሮማቶግራፉ 190 ማየት መቻሉን በመለኪያ ጋዝ አረጋግጡ። ካልቻለ ፍሰቱን ወደ 10 ሚሊሊትር አውርዱ፣ መጠኑ እጥፍ ይሆናል፣ ከውሃው በላይ ያለው ጋዝ ለመተካት የሚወስደው ጊዜም እጥፍ ስለሚሆን የመጀመሪያውን ናሙና አዘግዩት።

ከዚህ ቀጥሎ ብዙዎች የሚዘሉት ወደ ጋዝ ማሰራጫ ኤሌክትሮድ ነው። ጋዙ በውሃ ሳይሆን በባለ ቀዳዳ ካርቦን ጀርባ በኩል ስለሚገባ በካሬ ሴንቲሜትር ከ200 ሚሊአምፒር በላይ መሄድ ይቻላል። ግን ሌላ ዓይነት ብልሽት ይዞ ይመጣል፦ የካርቦኔት ጨው ቀዳዳዎቹ ውስጥ ይጋገራል፣ ውሃ ሰርጎ ጋዙን ይዘጋል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ እንደገና ሃይድሮጅን። የጋዙ ግፊት ድንገት ከጨመረ ወይም ከጀርባው ነጭ ዱቄት ካያችሁ ጅረቱን አጥፉ፣ የጋዝ መንገዱን በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ አድርቁ፣ በአነስተኛ ጅረት ደግማችሁ ጀምሩ።